ጠባቧ መንገድ ስትታጭ

ትናንት ሕልም አየሁ። እኔ እንኳ ሕልም የማበዛ ሰው አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ የዋለ ሰው ጋደም ሲል እንደ ድንጋይ ነው። ትናንት ግን አየሁ፣ ያውም አገር ምድሩ ተገልብጦ።

በሕልሜ መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ደጃፌን ነው። የምኖረው ጠባቧ መንገድ ላይ ነው። የመንገዷ ስም ሌላ ነው፤ ግን የተጫኑ ሁለት አህዮች ጎን ለጎን ስለማያልፉባት አገሩ ሁሉ ጠባቧ ነው የሚላት። ከቤቴ ጀርባ ገደል ነው። ያለኝ አንድ በር ወደ እሷ ይከፈታል፤ ደንበኞቼም በእሷ ይመጣሉ። ጎረቤቴ እማማ ጥሩወርቅም እንደዚያው። እሳቸው ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ጤና ጣቢያም፣ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም የሚደርሱት በጠባቧ ነው። ሌላው መንገድ ገደሉን ወርዶ መውጣት ነው፤ ያ ደግሞ ለእሳቸው መንገድ አይባልም። ከጠባቧ ማዶ የማካሮኒ ፋብሪካ አለ። ከዚህ በላይ የሰፈራችን ነገር ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

በሬን ስከፍት ደጃፌ ላይ ረጅም ሰልፍ አገኘሁ። የቀበሌው ሠራተኞች ናቸው። መዝገብ ቤቷ፣ ዘበኛው፣ ሊቀመንበሩ አቶ መርዕድ ሳይቀሩ ፀሐይ ላይ ተደርድረው ይቁለጨለጫሉ።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?" አልኳቸው።

"ጋሽ ዘለቀ፣ ፊርማ ፈልገን ነበር" አለ አቶ መርዕድ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ።

"ፈራሚው የለም። ስብሰባ ላይ ነው።"

"ፈራሚው እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ። ነገ ተመለሱ።"

አንዳቸውም አልተቆጡም። "እግዜር ይስጥልን" እያሉ እጅ ነስተው ተበተኑ። ይኼን ቃል ከአፌ አውጥቼ ስናገር የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ዕድሜ ልኬን በሰማሁት ቃል አንድ ቀን ሰው መመለስ!

ወደ ገበያ ስሄድ ሁለት በጎች ለበዓል ሰው ሊገዙ ወጥተው አገኘኋቸው። አንደኛው ጠጋ ብሎ ጀርባዬን ይዳብሰኝ ጀመር።

"ይኼ አጥንት ብቻ ነው" አለው ለጓደኛው።

"እስቲ ጥርሱን እየው።"

አፌን ከፍቶ አየ። "ኧረ አርጅቷል። ቀቅለነውም አይበስል።"

"ልብስ ሰፊ እኮ ነኝ" አልኩ ቅር ብሎኝ።

"እንደዚያ ከሆነማ ጭራሽ። ልብስ ሰፊ ወገቡ ጎባጣ ነው" ብለው አንዱን ወፍራም ነጋዴ በገመድ እየጎተቱ ሄዱ። ከመታረድ ስተርፍ ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ሰው በሕልሙም ቢሆን መናቅ አይወድም።

ወዲያው የፋብሪካው ፊሽካ ተነፋና አገሩ ሁሉ ለስብሰባ ወደ ዋርካው ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ዋርካው ሥሩን አጣጥፎ እኛ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ ሕዝቡ ተኮፍሶ፣ ሹማምንቱ መሬት ላይ ተኮልኩለዋል። የስብሰባው ደንብ እንደሚከተለው ነው ተባለ፦ መጀመሪያ ይጨበጨባል፣ ቀጥሎ ውሳኔው ይጸድቃል፣ በመጨረሻ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ይነገራል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚህ ላይ ምኑ እንደተገለበጠ አልገባኝም።

አጨበጨብን። እማማ ጥሩወርቅ አጥር ዘለው፣ እየሮጡ መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"እማማ! ጉልበትዎስ?"

"ቤት አስተኝቼው መጣሁ። እሱም አንድ ቀን ይረፍ እንጂ።"

ይኼን እያወራን ሳለ ሽማግሌዎች መጡ። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጋቢ ለብሶ ከፊት፣ የፋብሪካው ገልባጭ መኪና ከዘራ ይዞ ከኋላ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ከሰው መጀመሪያ የማየው ስፌቱን ነው። የጭስ ማውጫው ጋቢ አራት ጋቢ ተቀጣጥሎ የተሰፋ ነው፤ ያውም ጥለቱ አልተገናኘም። ለሽምግልና የመጣ ሰው እንዲህ ዓይነት ስፌት ለብሶ ሲመጣ ወዲያው ጠረጠርኩ።

"ኑ፣ ቁጭ በሉ" አልናቸው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ጭስ ማውጫው።

"ኧረ በእግዜር፣ ቁጭ ብላችሁ ንገሩን።"

"ቆመን ነው የምንናገር። ደግሞም እኔ ተቀምጬ አላውቅም፤ ማጠፊያ የለኝም።"

ይኼኔ ሽማግሌ እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ። "እህህ" ሲል ጥቀርሻው በላያችን ላይ ወርዶ ሁላችንም ጠቆርን። የዋርካው ቅጠል ሳይቀር ጠቆረ።

"የመጣነው ዝምድናችሁን ፈልገን ነው" አለ። "ልጃችን ፋብሪካው ለአቅመ አዳም ደርሷል። ግቢው ጠቦታል፤ ብቸኝነቱም አላስተኛ ብሎታል። የእናንተን ልጅ ጠባቧን አይቶ ወዷታል። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንለምን ቆመናል።"

ለካ ጉዳዩ ጋብቻ ነው! ጠባቧ ከተዳረች የእኔ በር ወዴት ሊከፈት ነው? ግንብ ላይ? እማማ ጥሩወርቅስ በየት ይወጣሉ? በጢስ ቀዳዳ? ልናገር ስል ግን እማማ ቀደሙኝ። ባሕላችን መጀመሪያ መጠየቅ ነው፣ ከጠየቁ በኋላ ነው መጣላት።

"ለመሆኑ ልጁ ምን ይሠራል?" አሉ።

"ማካሮኒ።"

"ይጠጣል?"

ጭስ ማውጫው ትንሽ አመነታ። "ወንዙን ይጠጣል" አለ። "ግን በልክ ነው። እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ ብቻ።"

"ያጨሳል?"

"እሱ እንኳ አያጨስም" አለ አንገቱን ደፍቶ፤ "እኔ ነኝ የማጨስለት።"

"ጠባዩስ?"

"ጨዋ ነው። ሌሊት ሌሊት ትንሽ ይጮኻል እንጂ ክፉ ነገር አይወጣውም።"

"ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ገልባጩ መኪና ሞተሩን ዝቅ አደረገ።

"አንዲት ሜዳ አግብቶ ነበር" አለ ጭስ ማውጫው።

ሜዳዋን ሁላችንም እናውቃታለን። ከብት እናውልባት፣ የፋሲካ ዕለት ልጆች ኳስ ይራገጡባት የነበረችው ሜዳ ነች።

"ታዲያ የት ሄደች? ፈታት እንዴ?"

"ኧረ አልፈታትም። ግቢው ውስጥ አለች።"

"ለምን አትወጣም? ዘመድ አትጠይቅም?"

"ሲሚንቶ ለብሳለች" አለ። "ሲሚንቶ የለበሰ ደግሞ እንግዲህ… አይወጣም።"

ጉርምርምታ ተነሣ። አቶ መርዕድ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነገሩን ለማብረድ እጁን አነሣ። ጥሎሹ ይታይ ተባለ። ገልባጩ መኪና ጀርባውን ብድግ አድርጎ ገለበጠው፤ የማካሮኒ ሐብል፣ የማካሮኒ አምባር፣ የማካሮኒ ጉትቻ ክምር ሆኖ ወረደ። በሠርጉ ዕለት ደግሞ ለየቤቱ አንዳንድ እሽግ ማካሮኒ እንደሚታደል አቶ መርዕድ አበሰረ።

"በስጎ ነው ያለ ስጎ?" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ጉርምርምታው ጋብ አለ። እንደኔ አገር ሰው የሚያናድድ የለም። ቤቱ ሊዘጋበት ነው፣ እሱ ስለ ስጎ ይጠይቃል።

እማማ ጥሩወርቅ ግን የዋዛ አይደሉም። "ቆይ" አሉ ተነሥተው። "ከሁሉ በፊት ዘር ይቆጠር። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ጠባቧ የማን ልጅ ነች? የበቅሎ መንገድ ልጅ ነች። የበቅሎ መንገድ የማን ልጅ ነው? የፍየል ዱካ ልጅ ነው። የፍየል ዱካስ? የጎርፍ መውረጃ ልጅ ነው። ጎርፍ መውረጃውን የወለደው ያ ኮረብታ ነው። በሉ የእናንተን ደግሞ አሰሙን።"

"ፋብሪካው የግድግዳ ልጅ ነው" አለ ጭስ ማውጫው ደረቱን ነፍቶ። "ግድግዳ የብሎኬት ልጅ ነው። ብሎኬት የጠጠር ልጅ ነው። ጠጠር…" ቆም አለና አሳለው።

"ጠጠር የማን ልጅ ነው?"

ጭስ ማውጫው ወደ ገልባጩ መኪና ዞረ።

"የማን ልጅ ነው? ሽማግሌ አይዋሽም!"

"የኮረብታው" አለ ገልባጩ መኪና በቀስታ። "ምን ላድርግ፣ ቆርሼ ያመጣሁት እኔ ራሴ ነኝ።"

"ዘመዳሞች ናቸው!" ብለው እማማ ጮኹ። "የዘር ግንዳቸው አንድ ነው! ሰባት ቤት አልሞላም! ነውር ነው!"

አገሩ ተናወጠ። ወንዶቹ እልል አሉ፣ ሴቶቹ ፎከሩ። ዋርካው ከመቀመጫው ተነሥቶ እስክስታ ወረደ። እኔም ከደስታዬ ብዛት የማላውቀውን ሰው አቅፌ ሳምኩ፤ በኋላ ሳየው ከበጎቹ አንዱ ነው። "አሁንም አጥንት ነህ" ብሎኝ አለፈ።

ደስታችን ግን አልቆየም። አቶ መርዕድ ከመሬት ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ።

"ውድ ጌቶቼ፣ ደንቡን አትርሱ" አለ። "በዚህ አገር ሁሉም ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ዘር የሚቆጠረው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው።"

"ወደ ታች ማለት?"

"ወደ ልጅ ልጅ። ገና ወዳልተወለደው።"

ጭስ ማውጫው ፊቱ በራ። ያለ ማቋረጥ ይቆጥር ጀመር። "ፋብሪካው ሁለተኛ ፋብሪካ ይወልዳል። ሁለተኛው ፋብሪካ መጋዘን ይወልዳል። መጋዘኑ የመኪና ማቆሚያ ይወልዳል። የመኪና ማቆሚያው አጥር ይወልዳል። አጥሩ ሌላ አጥር ይወልዳል…"

"በቃ፣ በቃ" አለ አቶ መርዕድ። "የእናንተስ? ጠባቧ ማንን ትወልዳለች?"

ሁላችንም እማማን አየናቸው። እማማ ዘወር ብለው ወደ ገደሉ አዩ። እኔም በበኩሌ አሰብኩ። ከጠባቧ በኋላ ምን አለ? ገደል ነው ያለው። ገደል ደግሞ ማንም አልወለደውም፣ ማንንም አይወልድም።

"ስለዚህ የሚገናኙበት ቤት የለም" አለ አቶ መርዕድ። "ዘመድ አይደሉም። ጋብቻው ይፈቀዳል።"

"ልጅቷ ትጠየቅ!" ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። በቀናው አገር ልጅቱን የሚጠይቅ ብዙ የለም፤ በተገለበጠው አገር ግን ደንብ ሆኖ ተገኘ። "ትምጣ፣ ትጠየቅ!" አሉ ሁሉም።

ጠባቧን እንደ ሰሌን ጠቅልለው ሁለት ሚዜዎች ተሸክመዋት መጡ። ፊታችን ዘረጓት። ከነጉድጓዷ፣ ከነኮረቷ፣ እኔ ደጃፍ ላይ ከወዳደቀው የክር ቁርጥራጭ ጋር እዚያ ተጋደመች። ልጅ የለኝም። በየማለዳው ተነሥቼ የማጥበው ፊት፣ የማበጥረው ጠጉር የለኝም፤ ማለዳ ማለዳ የምጠርገው እሷን ነው። ሰው ለመንገድ እንባው ይመጣል ቢሉኝ እስቅ ነበር። መጣ።

"ልጄ" አላት ጭስ ማውጫው፤ "ወደ ፋብሪካው ግቢ ትሄጃለሽ?"

"እኔ መሄድ አላውቅም" አለች ጠባቧ። ድምፅዋ የቀጭን አቧራ ድምፅ ነው። "ሰው ሲሄድብኝ ነው የኖርኩት። እዚያ ከገባሁ ማን ይሄድብኛል?"

"ማካሮኒ ይሄድብሻል።"

"ማካሮኒ ልጅ ይዞ ጤና ጣቢያ ይሮጣል? ሰርክ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ‘እንዴት አመሻችሁ’ ይላል?"

"ማካሮኒ ዝምተኛ ነው" አለ ጭስ ማውጫው።

"እንግዲህ እኔ ሰው ለምጃለሁ" አለች።

ገልባጩ መኪና አንገቱን ወዘወዘ። ጭስ ማውጫው ግን አልተበገረም። "የልጅቱ አሳዳጊ ማነው?" ብሎ ጠየቀ። "የመጨረሻው ቃል የአሳዳጊ ነው።"

የአገሩ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የእማማ ጣት፣ የበጎቹ ሰኮና፣ የዋርካው ቅርንጫፍ።

"ዘለቀ ነው! ጠዋት ጠዋት የሚጠርጋት እሱ ነው!"

"እንግዲያው ተናገር" አለኝ ጭስ ማውጫው። "ትሰጣለህ ወይስ አትሰጥም? የማትሰጥ ከሆነ ደግሞ ቀኝ እጅህን አንሥተህ ማል።"

እኔ በቀናው አገር በአደባባይ ተናግሬ አላውቅም። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። በሕልሜ ግን እንደ አንበሳ ተነሣሁ። ደረቴን ነፋሁ፤ ጭስ ማውጫውን ከእግሩ እስከ ራሱ ገላመጥኩት።

"አልሰጥም!" አልኩ። "ቆማችሁ ብትደርቁ አልሰጥም! ይቺን ልጅ ሲሚንቶ አላለብሳትም! እነሆ ቀኝ እጄ!"

እጄን አነሣሁ። እጄ ከዋርካው በላይ ወጣ። ከጭስ ማውጫው አናት በላይ ወጣ። ሰዉ "እሰይ! እሰይ ዘለቀ!" እያለ ይጮኻል፤ ጭስ ማውጫው እያጠረ፣ እያጠረ፣ ጋቢው ውስጥ ሊጠፋ ደረሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ደቂቃ ኮርቼ አላውቅም። እጄን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሰደድኩት።

እማማ ጥሩወርቅ በክርናቸው ጎኔን ጎሰሙኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነኝ። የከሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎታል። መድረኩ ላይ አቶ መርዕድ ቆሟል፤ ከጎኑ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ውኃውን ይጠጣል። ሌሊቱን የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ነበር ያደርኩት፤ የመክፈቻው ንግግር ላይ ነው ድብን ያልኩት። ቀኝ እጄ ተሰቅሏል።

"አንድ ድጋፍ" አለ አቶ መርዕድ። "ጋሽ ዘለቀ፣ ተቆጥሯል፤ እጅዎን ያውርዱ።"

ግራ ቀኝ አየሁ። ከእኔ በቀር እጁን ያወጣ አንድ ሰው የለም።

"ምኑን ነው የደገፍኩት?" አልኩ።

"የመንገዱን መዘጋት ነዋ። ለፋብሪካው ማስፋፊያ።"

"ኧረ እኔ ተቃዋሚ ነኝ!"

"ተቃውሞ ቀጥሎ ነው የሚጠየቀው። ሥነ ሥርዓት ይጠበቅ። የሚቃወም?"

እጄን እንደገና ሰቀልኩ።

"ጋሽ ዘለቀ፣ በአንድ አጀንዳ ሁለት ጊዜ እጅ አይወጣም። ያውርዱ። የሚቃወም ሌላ?"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሊቃወም ተስማምቶ ነበር የመጣው። ግን መጀመሪያ እጁን አውጥቶ መታየት የፈለገ አልነበረም። ስለዚህ "ዘለቀ ይጀምር፣ እኛ የእሱን እጅ አይተን እናወጣለን" ተባብለን ተማማልን። እኔም እሺ አልኩ። አሁን ሁሉም የእኔን እጅ ያያሉ። የኔ እጅ ደግሞ ወርዷል። የሰዉ እጅ በየነጠላውና በየኮቱ ውስጥ እንደገባ ቀረ። እኔ "አውጡ እንጂ! አውጡ!" እላለሁ፤ እነሱ እርስ በርስ ይተያያሉ። እንዴት እንዳቃጠለኝ! በእነሱ ልቆጣ እልና አፌን ስከፍት የማን ጥፋት እንደሆነ ትዝ ይለኛል።

"አንድ ድጋፍ፣ ተቃውሞ የለም፣ የቀረው ድምፀ ተአቅቦ" አለ አቶ መርዕድ። "ጸድቋል። እናመሰግናለን።"

ያን ጊዜ እጅ ሁሉ ወጣ። ለማጨብጨብ።

ሰዉ ሲበተን እማማ ጥሩወርቅን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

"እንቅልፍ ጥሎኝ ነው እማማ" አልኳቸው።

"እኛስ መች ነቅተን ልጄ" አሉ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። "እጃችንን አቅፈን ተኛን እንጂ። በል አሁን ያዘኝና፣ መንገዷ ሳትዘጋ ቤታችን እንግባ።"